የማን ማግነም?

ነገሩ የተጀመረው ሐሙስ ዕለት ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። ሰዓቱን በእርግጠኝነት የማስታውሰው ልምምዱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይጀመራል ተብሎ ስለነበረና እኛም እንደ ደንባችን ገና ወንበር እየዘረጋን ስለነበር ነው። ቦታው በስደት በምንኖርበት ከተማ፣ ስካርቦሮ በሚባለው ሰፈር ያለ አንድ የቤዝመንት አዳራሽ ነው። ጣሪያው ዝቅ ያለ በመሆኑ ረጅም ተዋናይ አንቀበልም።

ጋሽ ተክሌ የሦስተኛውን ገቢር ወረቀት ፊታቸው አድርገው ቆመዋል። እሳቸው ደላላውን ነው የሚጫወቱት። ትያትሩ ስለ አንድ ቤት ነው፤ ሁለት ወንድማማቾች ከአባታቸው የወረሱትን ቤት ደላላው ሊነጥቃቸው ይሞክራል። ጋሽ ተክሌ ጮክ ብለው አነበቡ፤ «ደላላው ከኮቱ ውስጥ ትልቅ ማግነም ሽጉጥ ያወጣል።» ከዚያ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቀሉና «የማን ማግነም?» አሉ።

«የማን ማለት?» አሉ አዘጋጁ ጋሽ ሙላቱ።

«ማግነም የሽጉጥ ስም አይደለማ። የጥይቱ ጠባይ ነው፤ ባሩዱ በዛ ያለ ማለት ነው። ‹ወፈር ያለ ሻይ አምጪልኝ› እንደማለት። ሻዩ የማን ነው? የየትኛው ፋብሪካ? እኔ ሃያ ሁለት ዓመት የፖሊስ መሣሪያ ግምጃ ቤት ስጠብቅ፣ የማን እንደሆነ ያላወቅሁት ሽጉጥ በእጄ ገብቶ አያውቅም።»

«የሃርግሮቭ ነዋ» አሉ ጋሽ ሙላቱ። የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሾፌር ናቸው፤ የሚናገሩት ሁሉ ሰው ተቀምጦ እንዲሰማቸው ነው። «ትልቅ ማግነም ከተባለ ሃርግሮቭ ነው። ፊልም ላይ እናየው የለም?»

«ፊልም» አሉ ጋሽ ተክሌ፣ ቃሉን እንደ እርጥብ ካልሲ በሁለት ጣት አንጠልጥለው። «ሃርግሮቭ ለመጋረጃ መስቀያ ነው የሚሆነው። ሽጉጥ ቤልማን ነው።»

«ቤልማንን ማን ያውቀዋል?»

«የሚያውቅ ያውቀዋል።»

በዚህ መልክ አርባ ደቂቃ ሄደ። እኔ ጥግ ላይ የዕቃውን ሣጥን ታቅፌ ተቀምጬ ነበር፤ በትያትሩ ውስጥ ዕቃ ያዥ ነኝ። መድረክ ላይ ስለማልወጣ፣ ከመድረክ በታች ደግሞ ስለማልናገር፣ ለቦታው ከእኔ የተሻለ ሰው አልተገኘም።

አሁን ለአንባቢ መናገር ያለብኝ ነገር አለ። ያንን ዓረፍተ ነገር የጻፍኩት እኔ ነኝ። ትያትሩን በሙሉ የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ይህንን የምታውቅ አንዲት ሰው ብቻ ናት፤ አብራኝ የምትኖረው ሰናይት። ጽሑፉን ለጋሽ ሙላቱ ስትሰጣቸው፣ በለመንኳት መሠረት፣ «አንድ የማውቃቸው ሰው ናቸው፤ ስማቸው እንዲወጣ አይፈልጉም» አለች። ከዚያ በኋላ ሰውዬው በራሳቸው ጊዜ ማደግ ጀመሩ። በመጀመሪያው ወር ጡረታ ወጡ። በሁለተኛው ኦታዋ ገቡ። ባለፈው ወር ጋሽ ሙላቱ ራሳቸውን እየነቀነቁ «የደም ግፊት እንዳለባቸው ሰምቻለሁ» ሲሉ እኔም ከልቤ አዘንኩላቸው።

ለምን እንደምደበቅ ብጠየቅ፣ ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ አንድ አጭር ጨዋታ ጽፌ ለአንድ መምህር አሳይቼ ነበር። አንብቦ ሲጨርስ ወረቀቱን መለሰልኝና «ጥሩ ነው፤ ማን ጻፈልሽ?» አለኝ። በጣም በትሕትና ነው የጠየቀኝ። እኔም በጣም በትሕትና ዝም አልኩ። ዝምታው ሰባት ዓመት ቆየ።

«ማግነም» የምትለዋን ደግሞ ከየት እንዳመጣኋት ልናዘዝ። «ሽጉጥ ያወጣል» ብዬ ስጽፍ ስለ ሽጉጥ ምንም የማያውቅ ሰው ዓረፍተ ነገር መሰለብኝ። እንደማውቅ ለመምሰል «ትልቅ ማግነም» ጨመርኩበት። ወጥ የማይችል በርበሬ ያበዛል።

በመጨረሻ ጋሽ ሙላቱ ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ ዲግሪ አለሽ። አጥንተሽ፣ የትኛው እንደሚሻል ወስነሽ፣ ቅዳሜ ይዘሽ ነይ። እሁድ ጠዋት ለአዳራሹ ሰውዬ ቁርጡን መንገር አለብኝ፤ የሚቀጥለውን ሳምንት ለሌላ ሰው ልስጠው እያለ ነው።»

ዲግሪዬ በውሃ ኬሚስትሪ ነው። ግን «እሺ ጋሼ» አልኩ። ትያትሬ መድረክ እንዲወጣ፣ ስሜ ደግሞ እንዳይወጣ ቆርጫለሁ። በዚህ መካከል የቆመው አንድ ሽጉጥ ብቻ ከሆነ፣ ሽጉጡን እመርጣለሁ።

በዚህ አገር እውነተኛ ሽጉጥ መግዛት ከተከለከለ ቆይቷል፤ እውነተኛ የሚመስል አሻንጉሊትም ክልክል ነው። ይህንን ያወቅሁት ጥንቁቅ ስለሆንኩ ከሁሉ በፊት ሕጉን ስላነበብኩ ነው፤ ሳነብም እፎይ አልኩ። የሚያስፈልገኝ አሻንጉሊት መሆኑ በሩቅ የሚታወቅ፣ ነገር ግን ሃያ ሁለት ዓመት መሣሪያ የጠበቁ ሰው የማይንቁት ነገር ነው። ቀላል አይደለም፤ ግልጽ ግን ነው።

ዓርብ ጠዋት የምሠራበት የውሃ መመርመሪያ ላቦራቶሪ ቀደም ብዬ ገባሁና ማንበብ ጀመርኩ። አፈሙዝ፣ ክብደት፣ እጀታ፣ ወደ ኋላ የመርገጥ ኃይል። የሃርግሮቭና የቤልማን ወዳጆች በየድረ ገጹ እርስ በርስ የሚጻጻፉትን አነበብኩ። ስለ አንድ ምላጭ ሦስት ገጽ የጻፈ ሰው አለ። ሌላው፣ ሚስቱ ሃርግሮቭ እንደምትወድ ቀድሞ ቢነገረው አያገባትም ነበር። እኔ ደግሞ ነገር በሠንጠረዥ ካልሆነ አይገባኝም፤ በግራ ሃርግሮቭ፣ በቀኝ ቤልማን አድርጌ አሥራ አራት ረድፍ ያለው ሠንጠረዥ ሠራሁ። የአማርኛ ስሙንም አገኘሁ፤ እንዲህ ዓይነቱ ሽጉጥ ስድስት ጎራሽ ይባላል። ለሰናይት ደውዬ ስነግራት «አክስቴን ነው የምታወሪው?» አለች።

ሠንጠረዡን ፕሪንት አደረግሁ። ወደ ማተሚያው ስሄድ የለም። ጥንቁቅ ሰው አንድ ጊዜ ሲሳሳት በጥንቃቄ ነው የሚሳሳተው፤ ወረቀቱ አለቃዬ ቢሮ ባለው ማተሚያ ወጥቷል።

አለቃዬ ድምፅዋ እንደ ጥጥ የለሰለሰ ደግ ሴት ናት። ወደ ትንሿ የስብሰባ ክፍል ጠራችኝ። ጠረጴዛው ላይ የሶፍት ካርቶን አስቀምጣለች። አጠገቡ ሠንጠረዤ አለ። ከታች «በቅርብ ርቀት የበለጠ የሚያስፈራው» በሚለው ረድፍ ፊት ለፊት የጥያቄ ምልክት እንዳደረግሁበት ያን ጊዜ ነው ያስተዋልኩት። ሠንጠረዡን በእንግሊዝኛ መሥራቴን የረገምኩትም ያን ጊዜ ነው።

«ሁሉ ነገር ደህና ነው?» አለችኝ።

«ደህና ነው» አልኩ በእንግሊዝኛ። «ለድራማ ነው።»

በእኛ ቋንቋ ድራማ ማለት ሰው ተሰብስቦ የሚያየው ጨዋታ ነው። በእነሱ ግን በቤተሰብ መካከል ሰሐን የሚያሰብር ነገርም ድራማ ነው። አለቃዬ እጄን ያዘች።

«ሁላችንም ቤት ድራማ አለ» አለች። «ግን በዚህ አይፈታም።»

ማስረዳት ነበረብኝ። ማስረዳት ስፈልግ ግን ቃላቶቼ እንደ ሐበሻ እንግዳ ናቸው፤ ሲጠሩ አይመጡም፣ ሲመጡ ባልተጠሩበት ይገባሉ። «ነገ ማለቅ አለበት» አልኩ። «ሁለት ሽማግሌዎች እየጠበቁኝ ነው።»

ከሰዓት በኋላ እንዳርፍ ተደረገ። ስወጣ ስለ አተነፋፈስ የሚያስተምር ወረቀት ሰጠችኝ። መንገድ ላይ አነበብኩት፤ ደህና ወረቀት ነው።

ዕረፍቱን አላባከንኩትም። ዳውንታውን ወደሚገኝ የትያትር ልብስና አሻንጉሊት መሸጫ ለመሄድ ስትሪትካር የሚሉትን የመንገድ ባቡር ተሳፈርኩ። መንገድ ላይ ለጋሽ ተክሌ ደወልኩ፤ የእጀታውን ነገር መጠየቅ ነበረብኝ። ጋሽ ተክሌ ጆሯቸው ትንሽ ከበድ ስለሚል ስልክ የሚያነሡት «ጮክ በይ» በማለት ነው።

ጮክ አልኩ። «ጋሼ፣ የማግነሙ እጀታ ጎማ ይሁን እንጨት?»

«ምን?»

«ማግነሙ! ሪቮልቨሩ! ለሚቀጥለው ሳንዴይ! አዳራሹ ፉል ስለሚሆን ከኋላ ያሉትም እንዲያዩት!»

ከፊቴ ያለው ሰውዬ ጋዜጣውን አጠፈ። አንዲት ሴት ቦርሳዋን ሰብስባ ወደ ሾፌሩ ተጠጋች። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። አማርኛዬ ለእነሱ እንደ ንፋስ ነው፤ ከንፋሱ ውስጥ ተለቅመው የሚሰሟቸው የእንግሊዝኛዎቹ ብቻ ናቸው። ማግነም። ሪቮልቨር። ሳንዴይ። ፉል። ንግግራችን ውስጥ እንግሊዝኛ አትቀላቅሉ እያሉ የሚቆጡን ሰዎች ለካ ለደኅንነታችን ነው።

ከኋላዬ ቀስ ያለ ድምፅ በአማርኛ «የኔ ልጅ» አለ። ዘወር ስል ሁለት ከረጢት ጎመን የያዙ እናት ተቀምጠዋል። «እኔ ሁሉም ገብቶኛል። እነዚህ ግን የሰሙት አራት ቃል ነው። አራቱን ብቻ ብሰማ እኔም እወርድ ነበር።»

«ምን ላድርግ እማማ?»

«ተነሺና ‹ለትያትር ነው› በያቸው።»

ተነሣሁ። አፌን ከፈትኩ። ሁሉም አዩኝ። እጄ በራሱ ጊዜ የመውረጃውን ደወል ተጫነ፤ ለሾፌሩ «ሳንክዩ» ብዬ፣ መድረስ ካለብኝ ሦስት ፌርማታ ቀድሜ ወረድኩ። ከኋላዬ እማማ «ወይ ጉድ» ሲሉ ሰምቻለሁ። ቀሪውን በእግሬ፣ በንፋስ እየተገፋሁ ሄድኩት። ቆርጬ ነበር አላልኩም?

ሱቁ ውስጥ ጸጉሯን አረንጓዴ የቀባች ሻጭ ነበረች። ሠንጠረዤን አውጥቼ የትኛው የሃርግሮቭ ቅርጽ፣ የትኛው የቤልማን ቅርጽ እንደሆነ ጠየቅኳት። ሁለት የፕላስቲክ ሽጉጦች አመጣች። ሁለቱም ትልልቅ ናቸው፤ ሁለቱም ጫፋቸው ብርቱካናማ ነው። አንዱ ብርማ፣ አንዱ ጥቁር።

«ይሄ ያብረቀርቃል» አለች። «ይሄ አያብረቀርቅም።»

ገልብጬ አየሁ። ከሥራቸው አንድ ዓይነት ጽሑፍ፣ አንድ ዓይነት ቁጥር። የወጡት ከአንድ ቅርጽ ማውጫ ነው። ያ ሁሉ የአፈሙዝ ርዝመት፣ ያ ሁሉ ትዳር ሊያፈርስ የደረሰ ክርክር፣ እዚህ ሱቅ ሲደርስ የቀለም ጉዳይ ሆኗል።

ሁለቱንም ገዛሁ። ብርማውን ለጋሽ ሙላቱ «ሃርግሮቭ ነው» ብዬ፣ ጥቁሩን ለጋሽ ተክሌ «ቤልማን ነው» ብዬ ለየብቻ ላሳይና ሁለቱንም ላስደስት ወሰንኩ። ባትሪ እንዳላቸው አልጠየቅሁም። ጥንቁቅ ሰው የሚወድቀው ባልጠየቀው ጥያቄ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መጀመሪያ ሁሉም ሰመረ። ጋሽ ሙላቱ ብርማውን በጓዳ አይተው «እኔ ምን ብዬ ነበር?» አሉ። ጋሽ ተክሌም ጥቁሩን በመተላለፊያው አይተው፣ በእጃቸው መዝነው፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው «የቤልማን አሻንጉሊቱ እንኳ ክብር አለው» አሉ። ስተነፍስ በአለቃዬ ወረቀት መመሪያ መሠረት ነበር።

ከዚያ ሦስተኛው ገቢር ደረሰ። ጋሽ ተክሌ መድረኩን አቋርጠው መጡ። እውነቴን ነው፣ የራሴን ቃል ከእሳቸው አፍ ስሰማ እጄ ላይ ያለው ጸጉር ቆመ። «ቁልፉን አምጣ» አሉ፤ «አለዚያ አባትህ የሄደበትን መንገድ አሳይሃለሁ።» ኮታቸውን ገለጡ። ጥቁሩን ሽጉጥ መዘዙ። ጋሽ ሙላቱ ከወንበራቸው ብድግ ብለው «ይሄ የማን ነው?» ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ ጋሽ ተክሌ ምላጩን ሳቡ።

ሽጉጡ «ዊዩ ዊዩ ዊዩ» አለ። ቀይ መብራት አገጫቸው ሥር ብልጭ ድርግም አለ። ቀጥሎም አንድ ደስ ያለው የሕፃን ድምፅ በእንግሊዝኛ «እጅ ወደ ላይ፤ ታስረሃል» አለ።

ጋሽ ተክሌ ምላጩን ለቀቁ። ሽጉጡ ግን አልጨረሰም፤ ደገመው።

ጋሽ ሙላቱ ሳቁ። እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ፤ ወንበራቸውን ፈልገው ተቀመጡና እንደገና ሳቁ። ጋሽ ተክሌ ሽጉጡን እንደ ተኛ ሕፃን ቀስ አድርገው ወንበር ላይ አስቀመጡ። ኮፍያቸውን አነሡ።

«ሃያ ሁለት ዓመት መሣሪያ ጠብቄ» አሉ፣ «ዛሬ መሣሪያ አሰረኝ።» ወጥተውም ሄዱ።

የጋሽ ሙላቱ ሳቅ ቀስ እያለ አለቀ። «አይመለሱም» አሉ። «አውቃቸዋለሁ። በሳምንት ውስጥ ሌላ ደላላ ከየት ይመጣል? ነገ አራት ሰዓት ላይ ለሰውዬው ደውዬ አዳራሹን ለሌላ ስጠው እለዋለሁ።» ወረቀታቸውን ሰበሰቡ። «ለነገሩ ባለቤት የሌለው ድርሰት ዕጣው ይኸው ነው። እኚያ የኦታዋ ሰውዬ አንድ ቃል ‹ይህ ነው› ቢሉን ኖሮ እዚህ እንደርስ ነበር?»

ልምምዱን ልታይ የመጣችው ሰናይት አየችኝ። እኔ ሽጉጦቹን ከረጢት ውስጥ ከተትኩ። ጥቁሩ ከረጢቱ ውስጥ ሆኖ አንድ ጊዜ «ታስረሃል» አለ።

ሴንት ጄምስ ታውን በሚገኘው ሕንጻችን ሊፍት ሲጠበቅ ሰው የልቡን ይነጋገራል፤ ሌላ የሚሠራ ነገር የለም።

«ሽጉጥ ለመምረጥ ስንት ቀን ፈጀብሽ?» አለች ሰናይት።

«ሦስት።»

«ስምሽን ለመናገርስ?»

ሊፍቱ መጣ፤ ሞልቶ ነበር፤ ሄደ።

«ካልተናገርሽ የሚቀረው እኮ ትያትሩ ነው» አለች። «አንቺማ ያው ነሽ።»

ይህች አነጋገር ቆረቆረችኝ። እስከ መኝታዬ ድረስ ቆረቆረችኝ።

በማግሥቱ፣ እሁድ ጠዋት፣ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ድርሰቱንና አንድ እስክሪብቶ ይዤ ወጣሁ። ባቡር ይዤ ጋሽ ተክሌ የሚኖሩበት ዌስተን ወረድኩ። ጋሽ ተክሌ በሩን ሲከፍቱ ነጠላቸውን ለብሰው ነበር።

«ጉልበቴ እምቢ ብሎኝ ከቤት ነው የማስቀድሰው» አሉ። «ለሽምግልና ከሆነ የመጣሽው፣ አንቺ ሽማግሌ ለመሆን ትንሽ ይቀርሻል።»

«ለሽምግልና አይደለም ጋሼ። እርማት አለኝ።»

ጠረጴዛው ላይ ሦስተኛውን ገቢር ገለጥኩ። «ትልቅ ማግነም ሽጉጥ ያወጣል» የሚለውን በአንድ መስመር ሰረዝኩ። ከበላዩ «ደላላው እጁን ወደ ኮቱ ውስጥ ያስገባል። አያወጣውም።» ብዬ ጻፍኩ።

መነጽራቸውን አውርደው አነበቡ። «ይሄን መሰረዝ የምትችይው አንቺ ማን ነሽ?» አሉ። ተቆጥተው አልነበረም፤ የግምጃ ቤት ጥያቄ ነው።

«የጻፍኩት እኔ ነኝ» አልኩ። «ሁሉንም።»

ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ። «ስለ ሽጉጥ ምን ታውቂያለሽ?»

«ምንም።»

«ያስታውቃል» አሉ። ወረቀቱን እንደገና አዩት። «ካላወጣሁት ግን የማን እንደሆነ በምን ይታወቃል?»

«እርስዎ ያውቁታል። በእርስዎ እጅ ያለ ነገር ነው።»

አሰቡበት። እጃቸውን ቀስ ብለው ነጠላቸው ውስጥ ከተቱና እዚያው አቆዩት። እንዲህ የሚያስፈራ ሰው አይቼ አላውቅም። «ቤልማን ነው» አሉ በመጨረሻ።

«ይሁን።»

ከዚያ የመጀመሪያውን ገጽ ገልጠው «ደራሲ፦ ያልታወቀ» በሚለው ላይ ጣታቸውን አኖሩ። «ይሄስ? በእኔ መዝገብ እንዲህ ተብሎ አይገባም። ሙሉ ስም ነው የሚጻፈው።»

እስክሪብቶውን አነሣሁ። የእኔን ስም ጻፍኩ፤ የአባቴን ጻፍኩ፤ ጋሼ ቆመው ስለሚያዩኝ የአያቴንም ጨመርኩ። ጋሽ ተክሌ ሦስቱን ስም እንደ ተረካቢ ጮክ ብለው አነበቡና ስልካቸውን አነሡ። ገና ሦስት ሰዓት አልሞላም ነበር።

«ሙላቱ» አሉ፣ ስልኩን ሁለታችንም እንድንሰማ ከፍተው። «ደራሲው ተገኙ።»

«ተመስገን» አሉ ጋሽ ሙላቱ። «ደም ግፊታቸውስ?»

ጋሽ ተክሌ አዩኝ። «ትንሽ ከፍ ብሏል» አሉና ስልኩን ሰጡኝ።

«ጋሼ፣ እኔ ነኝ» አልኩ። «ድርሰቱ የእኔ ነው። ጋሽ ተክሌ ይጫወታሉ። አዳራሹን እንዳይለቁት።»

መልሳቸው እንደ ልምምዳችን ዘገየ። «ማን ጻፈልሽ?» እስኪሉኝ ጠበቅሁ፤ መልሱን ይዤ ጠበቅሁ።

«እንግዲያው አንቺው ንገሪና እንረፍ» አሉ ጋሽ ሙላቱ። «የማን ማግነም ነው?»

ጋሽ ተክሌ ከባዱን ጆሯቸውን ወደ እኔ አስጠጉ።

«የእኔ» አልኩ።